ከጭብጨባው በኋላ ወዴት?

የሥነ ጽሑፍ ምሽታችን መቼ እንደሚጀመር ሁላችንም እናውቃለን። ማስታወቂያው 11 ሰዓት ተኩል ይላል፤ 12 ሰዓት ይጀመራል። መቼ እንደሚያልቅ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ብዙው ሰው የመድረክ መሪው «እንግዲህ ለዛሬ በዚሁ እናብቃ» ሲል፣ ጭብጨባው ሲወርድና ወንበሩ መንኳኳት ሲጀምር ያለቀ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ያን ጊዜ ያለቀው የመጀመሪያው ምሽት ነው። ሁለተኛው ገና መጀመሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያ የለውም።

በሩ ላይ ትንሽ እንቆማለን። አንዱ ለአንዱ በአገጩ ወደ ማዶ ይጠቁማል። «እንሂድ?» «እንሂድ።» አምስት ስድስት ሰው፣ አንዳንዴም ዐሥር፣ ዋናውን በር ወጥቶ አስፋልቱን ይሻገራል። ማዶ ያለችውን ግሮሰሪ የማያውቅ የለምና ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ ባለቤቷም ምንም ያጠፉት ነገር የለም። ጥግ ላይ ያለው ረጅም ጠረጴዛ የእኛ ነው። የዚህን ግቢ ሥነ ጽሑፍ የምንዳኘው እንግዲህ እዚያ ተቀምጠን ነው።

ይህን የምንጽፈው እዚያው ጠረጴዛ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች መሆናችንን አስቀድመን እንናገር። ውጭ ቆመን አይደለም ድንጋይ የምንወረውረው። እዚያ ስቀናል፣ አስቀናል፣ ሰው አምተናል፣ ሲታማም ሰምተን ዝም ብለናል። ከዚህ የባሰም አድርገናል፤ እንደርስበታለን።

በመጀመሪያው ምሽት ምን ይባላል? አንባቢው ግጥሙን ይጨርሳል፤ ይጨበጨባል። የመድረክ መሪው «አስተያየት?» ይላል። ጸጥታ። አንድ ሰው ከኋላ እጁን ያነሣና «በጣም ደስ የሚል ግጥም ነው፤ በርታ» ይላል። ሁለተኛው «የቀድሞውን ተናጋሪ ሐሳብ እጋራለሁ» ይላል። ሦስተኛው ግጥሙን ጨርሶ ይተውና ስለ ሀገር ሁኔታ ያወራል። በቃ። በዚህ ግቢ «በርታ» ያልተባለ ገጣሚ የለም። ቃሉ እንደ «እንደምን አመሸህ» ሆኗል፤ የሚለውም አያስብበት፣ የሚባለውም አይሰማው።

ያው «በርታ» ባዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማዶ ተቀምጦ ጃምቦውን ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነው። «ኧረ ምን ጉድ ነው የሰማነው!» ብሎ ይጀምራል። ቤት አይመታም። የመጀመሪያው ግማሽ ግጥም ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ስብከት ነው። «ጨረቃ» ስንት ጊዜ እንደገባች ቆጥሯል። እዚያ ጆሮው ይቃናል፣ ዐይኑም ይበራል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያ ሰው ጥሩ ሐያሲ ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቢቀባጥር ኖሮ በተውነው። የሚናገረው ነገር ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ልክ የሆነውን ነገር የሚናገረው ግን ሊሰማው የሚገባው ሰው በሌለበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር እንተርክ፤ ስም አንጠራም። ባለፈው ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለ እናቷ ማዕድ ቤት የጻፈችውን ግጥም አነበበች። ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ማይክሮፎኑን ከአፏ አርቃ ስለያዘችው ከኋላ የነበርን ግማሹን በግምት ነው የሰማነው። ግጥሙ በወል ቤት የተገጠመ ነው፤ ማለትም ስንኙ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ወዲህ ስድስት ቀለም፣ ወዲያ ስድስት ቀለም የሚሆነው፣ አዝማሪውም አልቃሹም የሚያውቀው፣ ሁላችንም ሳንማረው ጆሯችን የሚያውቀው ምጣኔ። ሁለት ስንኝ በደንብ ሄደላት። ሦስተኛው ላይ «የናቴ ጉልቻ» የሚል ሐረግ ነበር። ቁጠሩት፤ አምስት ነው። እዚያ ላይ ግጥሙ እግሩ እንደተሰናከለ ሰው ዝንፍ አለ፤ እሷም ተሰማት መሰለን፣ ትንሽ ቆም አለችና ቀጠለች። «የእናቴ» ብላ ብትጽፈውና አፏን ሞልታ ብታነበው ስድስት ይሆን ነበር። ጉድለቱ የአንዲት «እ» ጉድለት ነው።

አዳራሹ አጨበጨበ። «በርቺ» ተባለች።

ማዶ ስንደርስ ከመካከላችን አንዱ፣ ጨዋታ አዋቂው፣ ሦስት ባዶ ብርጭቆ በሦስት ማዕዘን ደረደረና ላያቸው ላይ ሳህን አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ «የናቴ ጉልቻ...» አለ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከመካከላችን አንድ ዝምተኛ ልጅ በጣቱ ቀለሙን ሲቆጥር ነበር፤ «እኮ አንዲት ፊደል ናት የጎደለችው፤ ‹የእናቴ› ብትል ይቃናል» አለ። ማንም አልሰማውም። ወይም ሰምተን ሳቁን መረጥን።

በማግስቱ የቁርስ ሰልፍ ላይ «ጉልቻ መጣች» የሚል ድምፅ ተሰማ። በሁለተኛው ሳምንት ግጥሙን ጨርሶ ያልሰማ ፍሬሽማን ሁሉ «ጉልቻ» እያለ ይጠራት ጀመር። እሷም ሰማች። ግጥሙን አስተካክላ በሌላ ምሽት ልታነብ እንደምትፈልግ ለአስተባባሪዎቹ ነግራ ነበር፤ ወሬው ማዶ ደረሰና አንዱ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለ። ያንን ተረት ያለቦታው ያዋለው ሰውም እዚያው እኛው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እንደገና ሳቅን። ይህም ደረሳት። ከዚያ ወዲህ አንብባ አታውቅም።

እስቲ ይህች ልጅ ሂስ አግኝታለች? አዳራሹ «በርቺ» አላት፤ ማዶ ስም ወጣላት። ሊጠቅማት የሚችለው አንድ ነገር፣ ያቺ «እ»፣ ከሁለቱ መካከል አስፋልቱ ላይ ወድቃ ቀረች። ሁለተኛውን ምሽት የምንከሰው ክፉ ቃል ስለሚነገርበት አይደለም፤ ደህናው ቃል እዚያ ተነግሮ እዚያው ስለሚሞት ነው።

«ማን አትምጡ አላቸው?» የሚል መልስ እንጠብቃለን፤ ከዚህ በፊትም ተብለናል። ማንም አትምጡ አላለም። እስቲ ግን ጠረጴዛውን ዙሩና እዩት።

ሴቶች የሉም። የሴቶች ዶርም በር 3 ሰዓት ይዘጋል፤ የዘገየችው ስሟ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ወንዶቹ 5 ሰዓት ላይ ስንመለስ «አባባ፣ ጓደኛችን ታሞብን ሐኪም ቤት ነበርን» እንላቸዋለን፤ ጥበቃውም አፋችንን እያሸተቱ ፈገግ ብለው ያስገቡናል። ለአንድ ግቢ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው። በሩ ክፍት ቢሆንስ? አንዲት ልጅ ከዐሥር ወንድ ጋር ግሮሰሪ ገብታ ስትወጣ ብትታይ፣ በማግስቱ የሚወራው ስለ ግጥሟ አይሆንም። ይህን ደግሞ ሌላ ሰው አያወራውም፤ እኛው ነን። በአዳራሹ ከአንባቢዎቹ ሲሶው ሴቶች ናቸው፤ ማዶ ሲዳኙ አንዲትም የለችም።

የማይጠጡ የሉም። ሙስሊም ጓደኞቻችን እዚያ መቀመጥ አይገባቸውም፤ በጾም ወራት ብዙ ክርስቲያንም አይቀመጥም። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የመጣ ልጅም የለም፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ «ጠ»ን እንዴት እንደሚያወጣ ሲመስሉለት ሰማና ሁለተኛ አልመጣም። አፍ የፈታበትን ቋንቋ ስንቶቻችን አንዲት ቃል እንደምናውቅ እንኳ አልጠየቅንም።

ገንዘብ የሌለውም የለም፤ ወይም ካለ እንዴት እንዳለ እንንገራችሁ። አንድ ጓደኛችን ሌሊቱን ሙሉ አንዲት አምቦ ውሃ ታቅፎ ይቀመጣል። ጋዙ ወጥቶ ተራ ውሃ ሆናለች፤ እሱ ግን በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ይጎነጫል፤ ከጨረሳት «ሌላ ምን ይምጣ?» ይባላላ! መጨረሻ ላይ ሂሳቡ ለስንት ሰው ይካፈላል ሲባል እሱም እኩል ይገባል። የጓደኞቹን ጃምቦ ከፍሎ ሲመለስ የሳምንቱ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ አልቋል። ይህን ያወቅነው ከእኛው ከአንዱ ሲበደር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «የዛሬው በእኔ ይሁን» የሚል ሰው ይገኛል። ጎሽ፣ ለጋስ ነው። ነገር ግን የዚያን ምሽት የእሱ ግጥም ቤት ሳይመታ ቀርቶ ያውቃል? እኛ አናስታውስም። ሂሳቡን የከፈለ ሰው ግጥም ሁልጊዜ «ጥልቀት አለው»።

ይህን ሁሉ ስንል ከዋናው ጉዳይ በኋላ መሰባሰብ ይቅር ማለታችን አይደለም። ይቅር የሚል ሰው ያደገበትን ሰፈር አያውቅም። በሀገራችን ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዋናው ነገር በኋላ ነው የሚሆነው።

ሠርግ ያየ ይህን ያውቃል። በሠርጉ ዕለት ማን ከማን ይተዋወቃል? ሙሽሮቹ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን ይዞ ይዞራል፤ ሙዚቃው አፍ ለአፍ ገጥመው እንኳ አያስወራም። የሙሽራው ወገን በዚህ፣ የሙሽሪት ወገን በዚያ ተቀምጠው ሲበሉ ይውላሉ። ዝምድናው የሚጀመረው በመልሱ ነው፤ የሙሽሪት ወላጆች ልጃቸውንና አማቻቸውን ከነሚዜዎቹ ቤታቸው ሲጠሩ። ከዚያ ደግሞ ቅልቅሉ አለ፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። አጎት ከአጎት፣ አክስት ከአክስት የሚተዋወቀው፣ «ለካስ እኛም በእናት በኩል እንዛመዳለን» የሚባለው እዚያ ነው። ልብ በሉ ግን፤ ለመልስ የሚጠራው ሰው በዘፈቀደ አይጠራም። እናት ማታ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች፤ «ማንን ረሳን?» ትላለች። የተረሳ ካለ ቅሬታው ዓመት ይቆያል፤ አስታራቂም ይገባበታል። እኛ ማዶ ስንሻገር «ማንን ረሳን?» ብለን እናውቃለን? አንድም ቀን።

ለቅሶስ? ከቀብር መልስ እድርተኛው ወደ ድንኳኑ ይመለሳል፤ ንፍሮ ይዘገናል፤ ሠልስቱ እስኪወጣ ሰው ይመላለሳል። ካርታ የሚጫወትም አይጠፋም፤ ሳቅም አለ። ግን ልጆቹን ማን ያስተምር፣ የቤት ኪራዩ እንዴት ይሁን የሚባለውም እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። በእድር ሕግ የቀረ ሰው ይጠየቃል፣ ይቀጣል። የእኛን ሁለተኛ ምሽት ገልብጣችሁ እዩት፤ የእድር ቅጣት ያልመጣው ላይ ነው፤ የእኛም ቅጣት ያልመጣው ላይ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ያልጠራነውን ሰው ነው በመቅረቱ የምንቀጣው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት የሚቀመጡት አባቶችና እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል፤ ይባረካል፤ በር ላይ ላለው ነዳይ ይደርሰዋል። የዐፄዎቹን ታሪክ፣ የሰፈሩን ሐሜት፣ የመሬቱን ክርክር ሁሉ ያነሣሉ፤ ማንም ቅዱስ ነገር ብቻ ነው የሚያወሩት አላለም። ሆኖም የማኅበሩ አባል ገንዘብ ስላጣ ከዚያ አይቀርም፤ ተራው እስኪደርስ ይበላል፣ ተራው ሲደርስ ያበላል።

ወደ ሙያችን ስንቀርብ ደግሞ የቅኔ ቤቱ አለ። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ልጆች የቆሎ ተማሪውን ለግጥም ማሳመሪያ እንጠቅሰዋለን እንጂ እንዴት እንደሚማር አናስብም። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል። ሙያው ከተበላሸ፣ ምሥጢሩ ካልሰመረ፣ ዜማው ከጎደለ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ጓደኞቹም እየሰሙ ይማራሉ። ይሣቅበት ይሆናል። ሲሣቅበት ግን እሱም ቆሟል፤ ምን እንደጎደለው ሰምቷል፤ ነገ አቃንቶ ይመጣል። ከቅኔዎቹ ሁሉ አነስተኛው፣ ባለሁለት ቤቱ፣ ጀማሪው የሚነሣበት፣ ጉባኤ ቃና ይባላል። የቃናን ሠርግ የሚያስታውስ ስም ነው። በዚያ ሠርግ ደህናው የወይን ጠጅ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አሳዳሪው ራሱ ተገርሟል። የኛ ጠረጴዛ ወዳጆች ይህን ቢሰሙ «ይኸው፣ ደህናው ነገር ከድግሱ በኋላ ነው የሚመጣው» ይሉናል። እሺ፤ ግን የቃናው ወይን የቀረበው ለታዳሚው ሁሉ ነው። ጓዳ ገብተው የተካፈሉት አምስት ሰዎች የሉም።

መጠጥ ቤት ከሆነስ ነገሩ፣ አዝማሪ ቤት እንኳ ከእኛ ይሻላል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል፤ የሚነካህም ፊት ለፊት ይነካሃል። ራሰ በራነትህን፣ ስስትህን፣ አጠገብህ የተቀመጠችው ሚስትህ አለመሆኗን ዐይንህን እያየ ይዘፍንልሃል። አንተም ትስቃለህ፣ ትሸልማለህ፣ ወይም መልስ ትሰጣለህ።

ታዲያ እኛ ለምን እንዲህ ሆንን? ፈሪ ስለሆንን ነው ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከየት መጣ? በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በኮሌጅ ቀን፣ ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን በአደባባይ አነበበ። በዚያ ዘመን ተማሪው ለመንግሥት የሚለውን በመድረክ ላይ ይለው ነበር፤ ዋጋውንም በመድረክ ላይ ከፈለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ነው ልማዱን የገለበጠው። በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገርም ነበር። ቃሉ መልካም ነው። ግን ሂስ ማለት ሰው ማስመታት፣ ግለ ሂስ ማለት ራስን ማሳጠር ሆነ። በተለይ ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ማታ ቤቱ ያድር እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። ወላጆቻችን ከዚያ የተማሩት አዳራሽ ውስጥ ማጨብጨብን፣ እውነቱን ደግሞ በር ዘግቶ ለሁለት ለሦስት ሰው መናገርን ነው። እነሱን አንፈርድባቸውም፤ ነፍሳቸውን ነው ያተረፉት። እኛ ግን ከምን ነው የምንተርፈው? ሦስተኛው ስንኝ አምስት ቀለም ነው ብንል ማን ያስረናል? የሚያኮርፈን አንድ ገጣሚ ነው፤ እሱም ቢበዛ ለሳምንት።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚሉን አሉ። ሰው ካልጠጣ እውነቱን አይናገርም፣ ስለዚህ ግሮሰሪዋ የግድ ናት ነው ነገሩ። ተረቱ ልክ ነው። ግን ተረቱ የሚለው ብቅል በሆድ ያለውን ያወጣል ነው እንጂ ለማን እንደሚያወጣ አልተናገረም። የእኛ ብቅል ያወጣውን ለተሳሳተ ሰው ነው የሚያደርሰው። ደግሞም ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ የሚወጣው ሁሉ እውነት ነው የሚል ሰው በማግስቱ ጧት ራሱን ይዞ የተናገረውን ያስታውስ።

«ጨዋታ ነው፤ ጨዋታን ምን አካበዳችሁት?» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የሚሆን መልስ አለን፤ እንደርስበታለን ያልነውም እሱ ነው። የዚህች መጽሔት ያለፈው እትም የተመረጠው የት ይመስላችኋል? በአዘጋጅ ክፍሉ ስብሰባ ነው ብለን ጽፈናል። ውሸት ነው። ስብሰባው ተጠርቶ ሰው ስላልሟላ ተበተነ፤ የተገኘነው አራታችን ጽሑፎቹን በቦርሳ ይዘን ማዶ ተሻገርን። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ፣ አዘጋጅ የሆነውም ያልሆነውም፣ «ይሄ ይግባ፣ ያ ይውጣ» አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የሦስት ሰዎች ሥራ ሦስቱም ገባ። አንድ አጭር ልቦለድ ነበረ፤ ረጅም ስለሆነና ጸሐፊውን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ማንም አላነበበውም፤ «ለሚቀጥለው» ተባለ። ደራሲው ሦስት ጊዜ መጥቶ «ደርሶ ይሆን?» ብሎ ጠይቆናል፤ ሦስቴም «እየታየ ነው» ብለነዋል። በመጨረሻ ስንመልስለት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጃምቦ ብርጭቆ ቂጥ ክብ ማኅተም ታትሞበት ነበር። አየው፤ ምንም አላለንም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ልቦለዱን በኋላ ለምነን አነበብነው። ካተምናቸው ከሦስቱ ይሻላል። ይህን ጨዋታ ነው የምትሉን ካላችሁ ለእሱ ንገሩት።

እና ምን ይሁን? ግሮሰሪዋን አንከስም፤ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ይጠጣ፣ ይሳቅ፣ ይዝፈን። የምንለው ሥራውን ከዚያ እናምጣው ነው። በሚቀጥለው ምሽት የሚያነቡት አራት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ፤ እስካሁን ዐሥራ ሁለት ሰው እየደረደርን ማንንም ሳንሰማ ነበር የምንጨርሰው። 1 ሰዓት ላይ ንባቡ ያበቃል። ወንበሩ አይነሣም። ወንበሩን ከመደዳው አውጥተን ዙሪያውን እናደርገዋለን፤ ከካፌ ሻይ በማንቆርቆሪያ ይመጣል፤ ቆሎ እኛ እናዋጣለን። የአራቱም ሥራ በወረቀት ተባዝቶ በእያንዳንዱ እጅ ይኖራል። አስተያየት የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚናገርበትን ስንኝ ወይም ዐረፍተ ነገር ከወረቀቱ ያነባል፤ «በርታ» ለማለትም ቢሆን የትኛው ቦታ እንዳስበረታው ያሳየናል። ገጣሚው መልስ አለው። ሊቆጣም ይችላል፤ ይቆጣ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሣለን፤ ሴቶቹ ወደ ዶርማቸው በጊዜ ይደርሳሉ፤ ማዶ መሻገር የፈለገም ይሻገራል። እዚህ ያልተናገረውን እዚያ ሲናገር የሰማ ሰው ግን «ለምን እዚያ አላልክም?» ብሎ ይጠይቀው። ማስታወሻ የሚይዝ ጸሐፊ አንመድብም፤ ቃለ ጉባኤ ከገባበት እንደገና ሁሉም «በርታ» ማለት ይጀምራል።

የመጽሔቷ ምርጫ ደግሞ የአዘጋጆቹ ስም እየተጠቀሰ፣ ያልገባው ጽሑፍ ለምን እንዳልገባ በሁለት መስመር ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሁለት መስመር መጻፍ ያቃተው አዘጋጅነቱን ይተው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ» የሚለው ተረት ተመልሶ እንደሚመጣብን እናውቃለን፤ ቦታው ቢቀየር ሰዎቹ ያው ናችሁ ትሉናላችሁ። ሰዎቹስ ያው ነን። ነገር ግን ያቺ ልጅ ፊታችን ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆዎቹን የሚደረድር ሰው ከመካከላችን አይገኝም ነበር፤ ቀለሙን የቆጠረውም ልጅ ይሰማ ነበር። ይህን እርግጠኛ ሆነን የምንናገረው ራሳችንን ስለምናውቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን ሦስታችን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ጠብቀን ይቅርታ ጠየቅናት። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ሰማችን። ከዚያ «ስንኙ የትኛው ነበር?» አለች። «ሦስተኛው» አልናት። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ «አምስት ነው» አለች። «‹የእናቴ› ቢሆን...» ብለን ስንጀምር፣ «አውቃለሁ፤ ያኔውኑ አስተካክዬው ነበር፤ እሱን ነበር ላነበው የፈለግኩት» ብላ ገባች። ትመጣ እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ መጠየቅም አፈርን። ከአራቱ የንባብ ቦታዎች አንዱን ግን ክፍት አድርገነዋል፤ እሷ ካልፈለገችው ያ ልቦለድ ይነበባል፤ ደራሲው ፈቅዷል።

ሐሙስ በ11 ሰዓት ተኩል፣ በዚያው አዳራሽ። በዕውነት በ11 ሰዓት ተኩል እንጀምራለን። የካፌው ብርጭቆ ለዚያን ያህል ሰው ስለማይበቃ ኩባያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።